«አይዞህ» መቼ ይባላል? «በርታ»ስ መቼ?

የቅዳሜ መምህርት (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እዚህ ተወልደው ላደጉ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ አስተምራለሁ። ፊደል ቆጥረዋል፣ አጫጭር ታሪክም ያነባሉ። የቸገረኝ ሌላ ነገር ነው።

አንዷ ተማሪዬ አባቷ አዲስ ሥራ አግኝቶ ሲመጣ «አይዞህ ባባ!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱም «ምነው፣ ይሄን ያህል ያስፈራል እንዴ?» አላት። የሌላው ልጅ ደግሞ ባሰ። ከእናቱ ጋር ለቅሶ ሄዶ ባለቤታቸው የሞቱባቸውን ሴትዮ ጨበጠና «በርቱ» አላቸው። እናቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ልጆቹ ላይ አልፈርድም። ሁለቱንም ቃል የሚሰሙት ከአንድ አፍ፣ በአንድ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ነው። የመዝገበ ቃላት ፍቺ አልፈልግም፣ እሱ አለኝ። እናንተ ቤት፣ ሰፈር፣ ሥራ ቦታ መቼ መቼ እንደሚባል ንገሩኝ።

የፒያሳ ልጅ (አዲስ አበባ)

ችግር ካለ «አይዞህ»። ሥራ ካለ «በርታ»። ሥራው ካለቀ «ጎሽ»። አለቀ።

የቅዳሜ መምህርት

አጭርና ግልጽ፣ አመሰግናለሁ። ግን የኔ ልጆች ጠያቂ ናቸው። «ፈተናስ? ሥራም ነው፣ ችግርም ነው» ይሉኛል።

ጠመኔ (ባሕር ዳር)

ለዚህ መልስ አለኝ፤ ሙያዬ ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በአብዛኛው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ልጆቹ ከቤታቸው ወጥተው፣ አዳራቸውን እዚያው አድርገው ነው የሚፈተኑት። አውቶቡስ ሲሳፈሩ አይታችሁ ከሆነ የምላችሁ ይገባችኋል። ወላጅ ብርድ ልብስና በሶ ይዞ በሩ ላይ ይሰለፋል። አውቶቡሱ ሞተር ሲያስነሳ ጩኸቱ ሁሉ «በርታ!»፣ «በርቺ!»፣ «ማርያም ትከተልሽ!»፣ «አላህ ያግራላችሁ!» ነው። አንድም «አይዞሽ» አልሰማሁም። ከዚያ አንዷ ልጅ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች። እናትየዋ «በርቺ» ማለቱን ወዲያው ተወችና «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት» እያለች ከመስኮቱ ሥር መሮጥ ጀመረች። እንባ ሲመጣ ቃሉ ተቀየረ።

ውጤት ሲመጣ ደግሞ ታውቃላችሁ። በዚያ በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ያን ሰሞን ሰፈር ውስጥ «በርታ» የሚል ሰው አልነበረም። ቢልም ይሰደባል። ሁሉ ሰው ልጁን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ» ነበር የሚለው። ሪሚዲያል (ያላለፉት የሚማሩት የማካካሻ ትምህርት) ሲጀምሩ ግን «በርቱ» ተመለሰች።

ስለዚህ ለልጆቹ እንዲህ በያቸው፦ «በርታ» የሚባለው ከፊቱ የሚሠራው ነገር ላለው ሰው ነው። «አይዞህ» ለፈራ፣ ለታመመ፣ ለወደቀ ነው። አንዱ ሰው ጠዋት «በርታ» ተብሎ ማታ «አይዞህ» ሊባል ይችላል።

ነጭ ጋዎን (ሐዋሳ)

ነርስ ነኝ። በቀን ስንት ጊዜ «አይዞህ» እንደምል እግዜር ይቁጠረው።

ለሴት ልጆች የማኅፀን በር ጫፍ ካንሰር ክትባት ለመስጠት ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ታዳጊ ልጆች ናቸው፣ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እኔ «አይዞሽ» ስላቸው ማንም አያምነኝም። መርፌውን የያዝኩት እኔ ነኛ! መጀመሪያ የተከተበችው ክንዷን እያሸች ስትወጣ ግን ለቀጣይዋ «አይዞሽ፣ ምንም አይልም» ትላታለች። ያኔ ሰልፉ ይረጋጋል።

ትንንሾቹ ጋማ ቃሉን አበላሽተነዋል። ቁስል ለማጠብ ስንጠጋ «አይዞህ፣ አይነካህም» እያልን ስለምንነካቸው፣ አሁን «አይዞ...» ስንል ልቅሶው ይጀምራል።

ምጥ ላይ ያለችም እንደዚያው ናት። ጎረቤትና ዘመድ ውጪ ሆኖ «ማርያም ማርያም» ይላል፣ እኛ ውስጥ «አይዞሽ» እንላለን። አንዷ ተናድዳ «አይዞሽ አይዞሽ አትበሉኝ፣ ወገቤን እሹልኝ!» አለችን። ልክ ናት፣ አሸንላት።

አንድ ነገር ልጨምር። የምርመራ ውጤት ሊነገረው የተጠራ ሰው ገና ከበሩ ሳይገባ «አይዞህ» ከተባለ ቀልቡ ይገፈፋል። ውጤቱ ደህና ቢሆንም። እኔ «ግባ፣ ተቀመጥ» ነው የምለው።

ሚኒባስ ዲሲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ነርሷ ያነሳችው ነገር ውጪ ለምንኖር ሰዎች ትልቅ ጉዳይ ነው።

አጎቴ በሥራ ቀን ደውሎልኝ አያውቅም። አንድ ማክሰኞ መንገድ ላይ እያለሁ ደወለ። ገና «ሃሎ» ስል «አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ» አለኝ። መኪናዬን ጥግ አስይዤ ቆምኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ናት? አባቴ ነው? «ጋሼ ማን ሞተ? ንገረኝ» አልኩት። «ኧረ ማንም አልሞተ! ቴሌቪዥን ላይ በረዶ ጣለባችሁ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለኝ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ትስቁ ይሆናል። እኛ ግን መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። በስልክ አይነገርም። ቤተሰብ እዚህ ላሉ ወዳጆች ይደውላል። እነሱ ተጠራርተው ሰው ሥራ ሳይወጣ በጠዋት በር ያንኳኳሉ። ስለዚህ በሩ በማለዳ ሲንኳኳና ስልክ ላይ «አይዞህ» ሲቀድም አንድ ነው። እባካችሁ መጀመሪያ «ሁላችንም ደህና ነን» በሉ። ከዚያ የፈለጋችሁትን አይዞህ በሉን።

የፒያሳ ልጅ

😂😂 በረዶ! አጎትህ ይመቹኝ።

ሰዋስው ወዳድ (ጎንደር)

ቃሉ ራሱ አስቂኝ ባሕርይ አለው። ግስ ይመስላል፣ ግን እንደ ግስ አይረባም። «አይዞህ ነበር» አይባልም። ስለ ትናንት ስናወራ «አይዞህ አልኩት» ነው የምንለው። ሩቅ መደብም የለውም። «አይዞው» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ስለሌላ ሰው ከሆነ «አይዞህ በለው»፣ «አይዞሽ በያት» እንላለን። ያለ ተቀባይ አይቆምም፤ ሰውየው ፊታችን ከሌለ መልእክተኛ እንልክበታለን።

መጨረሻው ላይ የሚቀጠለውም እንደ «ነገረህ፣ ነገረሽ፣ ነገረን» ያለው ተሳቢ ነው። ምስክሩ «አይዞን» ነው። የባለቤትነት ቢሆን ኖሮ እንደ «ቤታችን» «አይዟችን» እንል ነበር።

መምህርት፣ ለልጆቹ ሠንጠረዡን ጻፊላቸው፦ አይዞህ፣ አይዞሽ፣ አይዞዎት፣ አይዞአችሁ፣ አይዞን። አምስት ናቸው፣ ይያዛሉ።

የፒያሳ ልጅ

«አይዟችሁ» ነው የሚጻፈው። ማን ነው «አይዞ-አችሁ» ብሎ እየሰበረ የሚያነበው?

ሰዋስው ወዳድ

ስትናገር «አይዟችሁ» በል፣ ማንም አይከለክልህም። ስትጽፍ ግን ግንዱና ቅጥያው ቢለይ ለተማሪ ይቀላል። ቴሌግራም ላይ «አይዟቹ» የሚሉትንማ ተወኝ፣ ደሜን ያፈሉታል።

ሰንበቴ (ደብረ ብርሃን)

በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስም «አይዞአችሁ» ነው የሚለው። ዮሐንስ 16፡33ን ተመልከቱ፦ «በዓለም ሳላችሁ መከራ አላችሁ፤ ነገር ግን አይዞአችሁ»። መከራው ይቀርላችኋል አላለም እኮ። መከራውን አምኖ ነው «አይዞአችሁ» ያለው። ማዕበል ላይ ለነበሩት ደቀ መዛሙርትም ያው ቃል ነው፣ ነፋሱ ገና ሳይቆም።

ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ «አይዞህ፣ ሁሉም ለበጎ ነው» ሲል የሚከብደኝ ለዚህ ነው። ሁለተኛውን ማን ጠየቀው? «አይዞህ»ን ብቻዋን ቢተዋት ይበቃ ነበር። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ዋናው ቃል «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ነው። «አይዞህ» የሚመጣው ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ ከተቀመጥክ በኋላ፣ እንባው ሲያንቀው ነው። በሦስተኛው ቀን ወይ ከዚያ በኋላ፣ ሰው ሲበተንም ይባላል። ለልጁ «ያጽናዎት» በል ብለሽ አስተምሪው መምህርት፤ ለትልቅ ሰው አይሳሳትም።

ወሎዬዋ (ደሴ)

እኛ ጋ ደግሞ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ነው።

«አብሽር»ን ሳታነሱ እንዳታልፉ ግን! እኔ ልጅ ሆኜ ሙስሊም ቤት ብቻ የሚባል ይመስለኝ ነበር። አሁን አዲስ አበባ ስሄድ ማዕተብ ያሰረው ሁሉ «አብሽሪ ባክሽ» ይለኛል። ደስ ይለኛል። አብሽር፣ አብሽሪ፣ አብሽሩ፤ እንደ አማርኛ እያረባነው ነው። ከዐረብኛ ነው የመጣው፣ «ደስ ይበልህ፣ የምሥራች» እንደ ማለት።

በጆሮዬ ግን ከ«አይዞህ» ይቀላል። መብራት ሲጠፋ፣ ታክሲ ሲያመልጥህ፣ ወጡ ሲያርር «አብሽር» ይባላል። ለሐዘን አልለውም። የጠፋ ቁልፍ ለሚፈልግ ሰው ግን ከ«አብሽር» የተሻለ የለም።

ማዳም ቤት (ሪያድ)

ወሎዬዋ እህቴ፣ እዚህ ብትመጪ ግራ ይገባሻል። ሳዑዲዎች ጋ «አብሽር» ማለት «እሺ፣ እንደተፈጸመ ቁጠረው» ነው። ማዳም «ቡናው የታለ?» ስትል «አብሽሪ» እላታለሁ። አጽናናኋት ማለት አይደለም፣ መጣሁልሽ ማለቴ ነው። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ አሠሪዋ «አብሽሪ» ስትለኝ እንባዬ መጣ፤ አዘነችልኝ ብዬ። ለካ ወጪ መላኪያ ብር ጠይቄያት «እሺ» ማለቷ ነው።

የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴራቸው የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ስሙ ራሱ «አብሽር» ነው። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሚታደሰው፣ የመውጫና የመመለሻ ቪዛ የሚወጣው በሱ ነው። እህቴ ከወልዲያ ደውላ «ቪዛሽ ምን ደረሰ?» ስትለኝ «አብሽር ላይ ነው» እላታለሁ። «በቃ፣ አንቺም አብሽሪ» ትለኛለች።

ሥራ ፈላጊ (አዳማ)

ሁላችሁም ቃሉን አሳመራችሁት። እኔ ግን ሰልችቶኛል። የምሠራበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ ወጣሁ። ስልኬ በ«አይዞህ» ተሞላ። ልብ ያለው፣ አበባ ያለው፣ ጸሎት የሚያደርግ እጅ ያለው። ሳምንት አልፎ ማንም አልደወለም። «አይዞህ» መላክ ነጻ ነው፣ ለዚህ ነው የበዛው። አይዞህ ዳቦ አይገዛም።

ጠመኔ

ወንድሜ ይገባኛል። ግን ሁሉንም በአንድ አትፍጃቸው። እኔ ደመወዜ ከወር ወር አያደርሰኝም፣ ለጓደኛዬ የምሰጠው የለኝም። «አይዞህ» ካላልኩት ዝም ልበለው?

ሥራ ፈላጊ

ዝም አትበለው። ግን ከ«አይዞህ» በኋላ ነጠላ ሰረዝ አድርግ፣ ነጥብ አታድርግ። «አይዞህ፣ ነገ ቡና እንጠጣ»። «አይዞህ፣ ሲቪህን ላክልኝ፣ እኔ ቢሮ ልጠይቅ»። ቡናው አሥር ብር... እሺ አሁን አሥር ብርም አይደለም 😅 ግን ገብቶሃል።

ወሎዬዋ

ነጠላ ሰረዙን ወደድኩት። ቡናውን ግን ሰው ቤት ጠጡ፣ ይረክሳል። አዳማ ዘመድ አለኝ፣ ሥራህ ምን እንደነበረ በውስጥ ጻፍልኝ።

ሯጭ እግር (አሰላ)

ደራርቱን ሳናነሳ ይሄ ወሬ አያልቅም። በ2009 እንደ ፈረንጆቹ ኒው ዮርክ ማራቶን ላይ ፓውላ ራድክሊፍ እግሯን አሟት ወደ ኋላ ስትቀር ደራርቱ ዞር ብላ አብረን እንሂድ እያለች ስታበረታታት ነበር። ተፎካካሪዋን! የማራቶን ክብረ ወሰን ባለቤቷን! መጨረሻ ላይ ደራርቱ አሸነፈች፤ ኒው ዮርክን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች። በምን ቋንቋ እንዳለቻት ለኔ ግድ የለኝም፣ ያ «አይዞሽ» ነው።

እኛ ጋ ልምምድ ላይ ሁለቱም ይባላሉ። ዳገት ስትወጣ አሠልጣኙ «በርታ! በርታ!» ይልሃል። ጎንህን ወግቶህ ስትቆም አጠገብህ የሚሮጠው ልጅ «አይዞን» ይላል። «አይዞህ» አይልም፣ እሱም ደክሞታላ። ልጆቹን ሩጫ ይዘሻቸው ውጪ መምህርት፣ በአንድ ዙር ይገባቸዋል። ኦሮምኛም ጨምሪላቸው፣ «ጀባዱ» በያቸው፤ ጠንክር ማለት ነው።

ዓድዋ ተራራ (መቀሌ)

ትግርኛ ላይ «ኣጆኻ»፣ «ኣጆኺ»፣ «ኣጆኹም»፣ «ኣጆና» አለ። ሰዋስው ወዳድ የጻፈው ሠንጠረዥ ላይ ቁጭ ይላል። እናቴ አማርኛ ስትናገር ሁሉም ነገሯ ይቀላቀላል፣ ይቺን ቃል ግን ሁልጊዜ በትግርኛ ነው የምትላት። «ኣጆኻ» ሲባል ሆዴ ይላላል። «አይዞህ» ያን ያህል አያደርገኝም፣ አትቀየሙኝ።

ነጭ ጋዎን

ማን ይቀየምሃል፣ ኣጆኻ 🙂

አዛውንቱ (ደብረ ማርቆስ)

ስለ ክፉ ጎኑ ማንም አልጻፈም። «አይዞህ ባይ» የሚባል ሰው አለ። ሁለት ፊት አለው። «ምስኪን፣ አይዞህ ባይ የለውም» ስንል አሳዛኝ ነው፣ ወገን የለውም ማለት ነው። ጎረቤት ከጎረቤት በድንበር ሲጣላ ደግሞ «እሱ ብቻውን መቼ ይደፍር ነበር፣ አይዞህ ባይ አግኝቶ ነው» እንላለን። ሽማግሌ ሆኜ ስንት ጠብ አይቻለሁ። ሁለቱ ተጣዪዎች በሁለት ቀን ይታረቁ ነበር። የሚያስቸግሩት ከኋላ ሆነው «አይዞህ፣ አለንልህ» የሚሉት ናቸው። ዱላ ሲነሣ ግን አይገኙም። እኔ ዕርቅ ላይ ስቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው «አይዞህ ባዮቹ እነማን ናቸው?» ብዬ ነው። እነሱን ቡና ጠርቼ ካረጋጋሁ ግማሹ ነገር ያልቃል።

ልጆቹ ይሄን ገና ማወቅ የለባቸውም። ትልልቆቹ ግን ዜና ሲያነቡ «አይዞህ ባይ» የሚል ቢያጋጥማቸው በጎ ነገር ብቻ እንዳይመስላቸው።

ሰዋስው ወዳድ

አባባ፣ በጣም ጥሩ ነጥብ ነው። ማደፋፈርና ማጽናናት በአንድ ቃል መግባታቸው ነው ነገሩን ያመጣው። የፈራ ሰው ሲደፍር ጥሩም ሊሠራ ይችላል፣ መጥፎም።

የቅዳሜ መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ ይበዛል ብዬ አላሰብኩም። የአውቶቡሱን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፣ የበረዶውንም። «ጎሽ»ን፣ «እደግ»ን፣ ሰው ሲደናቀፍ የምንላትን «እኔን!»ን ለሌላ ቅዳሜ አቆያለሁ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ከልጆቹ ግማሹ አያታቸው አገር ቤት ናቸው፣ እሑድ እሑድ በቪዲዮ ያወራሉ። አያት ሲያማቸው «አይዞዎት» ነው ወይስ «አይዞሽ» የሚሉት? እኔ አክብሮት ይልመዱ ብዬ «አይዞዎት» አስጠንቻቸዋለሁ።

ሰዋስው ወዳድ

«አይዞዎት» ትክክል ነው። አንዳንዱ ሲናገር «አይዞት» ብሎ ያሳጥራል፣ እሱም ያስኬዳል።

አዛውንቱ (ደብረ ማርቆስ)

ለወንድ አያት አንቱታው ደህና ነው፣ እኔን የልጅ ልጆቼ «አይዞዎት» ይሉኛል። ለሴት አያት ግን እንደየቤቱ ነው። ወላጆቹን ጠይቂ፣ እነሱ እናታቸውን እንዴት እንደሚጠሩ።

ወሎዬዋ

ለጎረቤት አሮጊት «አይዞዎት»፣ ለራስ አያት «አይዞሽ እማዬ»። የኔ ሕግ ይሄ ነው።

የፒያሳ ልጅ

ከወሎዬዋ ጋር ነኝ። አያቴ ጉልበቷን ሲያማት አንድ ቀን ለጨዋነት ብዬ «አይዞዎት» ብላት፣ ቀና ብላ አይታኝ «ደሞ መቼ ነው የተጣላነው?» አለችኝ።